ባዶ ሮቶ «ሙሉ ነኝ» ሲል

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው የሮቶ ውሃ መጠን ጠቋሚ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው። ተነስቶ ፓምፕ ማብራት ወይስ መተኛት የሚለውን የምትወስነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ሳጥን ናት።

ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳጥኗ አራት መብራት አላት፦ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ ሙሉ። አንድ ሰሞን ሦስቱ በርተው አልጠፋም አሉ። እናቴ ከወጥ ቤት «አንተ ልጅ፣ ውሃ አለ ትለኛለህ፣ ቧንቧው እኮ ያፏጫል!» አለችኝ። ወጥቼ ሮቶውን በጡጫ መታ መታ ሳደርገው ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

ዕቃ መሸጫ ብጠይቅ «ሴንሰሩ ይቀየር» አሉኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ፈለግሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከክዳኑ ላይ ቁመታቸው የተለያየ የማይዝጉ ብረቶች ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ረጅሙ የጋራ ነው። ውሃው እሱንና ሌላውን ብረት አንድ ላይ ሲነካ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ የዚያ ብረት መብራት ይበራል። ስለዚህ ባዶ ሆኖ ሙሉ የሚል ከሆነ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው፤ ሙሉ ሆኖ ባዶ የሚል ከሆነ ደግሞ መንገዱ ተቋርጧል። ሁለቱ ተቃራኒ ችግሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም አይገናኝም።

ሽቦዎቹን ክዳኑ ጋ ነቀልኳቸው። መብራቶቹ ወዲያው ጠፉ። ሳጥኗና ገመዱ ጤነኛ ናቸው፣ ችግሩ ብረቶቹ ጋ ነው። ሳወጣቸው ብረቶቹን የያዘው ፕላስቲክ ቡናማ፣ የሚያሙለጨልጭ ዝቃጭ ለብሷል፤ ከሥሩ ነጭ ቅርፊት አለ። ለከተማዋ ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል ምን ያህል እንደተቸገረ ለሚያውቅ የከተማው ሰው ይህ አይገርመውም። ውሃው ቢወርድም እርጥቡ ዝቃጭ ራሱ ከብረት ወደ ብረት ኤሌክትሪክ ያሻግር ነበር።

ለብ ባለ ኮምጣጤ ዘፍዝፌ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው፣ ደህና አድርጌም አለቀለቅሁ። እዚህ ላይ አደራ፦ ሮቶውን በበረኪና የምታክሙ ከሆነ ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከዚያ እያንዳንዱን ብረት ጫፉ ብቻ እስኪቀር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩት፣ ዝቃጩ በቀላሉ እንዳያገናኛቸው። ሮቶው ውስጥ ከመመለሴ በፊት ባልዲ ውስጥ ቀስ እያልኩ ነከርኳቸው። መብራቶቹ በየተራ በሩ፣ ሳወጣቸውም በየተራ ጠፉ።

ክረምት ሲገባ ግን ተገላቢጦሹ መጣ። ከቆርቆሮው የወረደ ዝናብ ሮቶውን ሞልቶት ሳጥኗ ባዶ ትላለች። ብረቶቹን በቁራጭ ሽቦ ሳገናኛቸው መብራቱ ስለበራ መስመሩ አልተቋረጠም። ታዲያ ውሃው ይሆን እንዴ ብዬ ከዝናቡ ውሃ በባልዲ ቀዳሁና ብረቶቹን ነከርኩ፣ ምንም የለም። ቁንጥር ጨው ስጨምርበት ቦግ! የዝናብ ውሃ ማዕድን እምብዛም ስለሌለው ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፣ ያን ጊዜ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ሮቶው ውስጥ ጨው አይጨመርም መቼም። ሳጥኗ ለደካማ ኤሌክትሪክም እንድትበራ ውስጧ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ አጠበቅኋት፣ በቃ። የቧንቧ ውሃ ሲመለስ መልሳችሁ ካላላችኋት ግን ለትንሽ እርጥበትም ትበራለች።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ሳጥኑ ያለማቋረጥ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ የሚልክ እንዳይሆን ጠይቁ። እንዲህ ያለው አንዱን ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል።

አሁን ከሮቶው መውጫ ላይ ገላጭ ቱቦ አውጥቼ በጎኑ ወደ ላይ አቁሜዋለሁ። ውሃው በሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም መብራት ቢጠፋም ይነበባል። ፀሐይ ካገኘው ውስጡ አረንጓዴ ስለሚያወጣ ጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬበታለሁ፤ ማየት ስፈልግ ገለጥ አደርገዋለሁ።