ሰባት ገጽ የነበረው ሲቪዬ

ነገሩ የጀመረው አራት ኪሎ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ውስጥ ነው። ፍላሼን ለልጅቷ ሰጠኋት። ሲቪዬን ከፈተችና ወደ ታች ወረደች። አሁንም ወረደች።

«እህቴ፣ ሁሉንም ነው የማትመው? 7 ገጽ እኮ ነው» አለችኝ።

«ሁሉንም። አምስት ኮፒ አድርጊልኝ» አልኳት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ 35 ገጽ በ10 ብር ስንት እንደሚመጣ ለማስላት አልተቸገርኩም። ከፈልኩ። ሌላ ሥራ ፍለጋ ፖስታዎቹን ይዤ ከሜክሲኮ እስከ ለገሀር ዞርኩ። ሁለት ወር ሙሉ የደወለችልኝ እናቴ ብቻ ናት። ዘመድ ስለሌለኝ ነው አልኩ። ዘመድም እኮ ይጠቅማል፣ አልዋሽም።

ዓይኔን የገለጠልኝ የራሴ መሥሪያ ቤት ነው። ጀማሪ አካውንታንት ሊቀጠር ነበርና የምልመላ ኮሚቴው ውስጥ ጸሐፊ አድርገው አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ 140 ፖስታ ተቆልሏል። እኛ ሦስት ነን። ያለን ጊዜ ከምሳ በኋላ እስከ 11 ሰዓት ነው። እስቲ አካፍሉት።

የፋይናንስ ኃላፊያችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ገጽ ይገልጣሉ። የሚፈልጉት ጥቂት ነገር ነው። መቼ ተመረቀ? ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ይሠራል? ቫት ዲክሌር አድርጎ ያውቃል? የባንክ ሪኮንሲሌሽንስ፣ የባንኩን ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከሩስ? ይህን ወዲያው ካላገኙ «የት ነው ያለው ታዲያ?» ይላሉ፣ አንድ ገጽ ይገልጣሉ፣ ከዚያ ፖስታው ወደ ግራ ይሄዳል። የግራው ክምር የማይጠራው ነው።

ማምሻውን የግራውን ክምር ሳስተካክል የአንድ ልጅ ሲቪ እጄ ላይ ተከፈተ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከመንጃ ፈቃዱ በታች፣ የመሥሪያ ቤቱን ሒሳብ ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በማሸጋገሩ ሥራ እንደተሳተፈ ጽፏል። ከ140ው ያን የጻፈ ሌላ አላየሁም። ለጋሼ አሳየኋቸው። «ምነው ታዲያ ፊት ለፊት ባደረገው ልጄ» አሉኝ። ለፈተና የሚጠሩት ሰዎች ዝርዝር ግን ተፈርሞ ወጥቶ ነበር።

ለልጁ አዘንኩ። ከዚያ የራሴ ትዝ አለኝ። የእኔ አይኤፍአርኤስ አምስተኛው ገጽ ላይ ነበር።

ቤት ገብቼ 7ቱን ገጽ ምንጣፍ ላይ ደረደርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ፎቶዬ፣ የትውልድ ቦታዬ፣ የጋብቻ ሁኔታዬና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ቀጥሎ የቋንቋ ሠንጠረዥ፤ አማርኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር፣ መስማት፣ ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ»። አማርኛ መስማቴን ማን ተጠራጥሮ እንደሆነ እንጃ። 19 ሥልጠና። ሦስት ምስክሮች ከነስልካቸው፤ አንደኛው አገር ከለቀቀ ቆይቷል።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የሥራ ልምዱ ነው። ከሥራ መዘርዝሬ ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ሦስት ቦታ ሠርቻለሁ፤ በሦስቱም ሥር «በቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ተመሳሳይ ሥራዎችን ታከናውናለች» ይላል። ይህን የማያከናውን ሠራተኛ አለ? ዓመተ ምሕረቱም ተደበላልቋል። አንዱን ሥራ በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። የማያውቅ ሰው ቢያየው ሰባት ዓመት ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ይመስላል።

መቀስ ሳነሳ ደግሞ አበዛሁት። አሜሪካኖች አንድ ገጽ ይበቃል ይላሉ ሲባል ሰምቼ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬን አንድ ገጽ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ፊደሉን ወደ 8 አወረድኩ፣ ዳርዳሩን አጠበብኩ። የጽሑፍ ቤቷ ልጅ አየችውና ሳቀች። «ይሄማ መድኃኒት ውስጥ የምትገባዋን ወረቀት ነው የሚመስለው።»

እውነቷን ነው። የአሜሪካኖቹ አንድ ገጽ ሬዙሜ የሚሉት ነው። እንግሊዞች ሁለት ገጽ ለምደዋል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ የጥናቱን ዝርዝር ስለሚያስገባ አሥር ገጽ ቢሞላም የሚቆጣው የለም። ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከጻፈ ሆቢ እየጨመረ ነው። እኔ ሁለት ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ገጽ የላይኛው ግማሽ የጋሼ ነው፤ እሳቸው የሚፈልጉት ሁሉ እዚያ አለ። ከ19ኙ ሥልጠና 3 ቀረ። «ተመሳሳይ ሥራዎች» ወጥቶ የስንት ቅርንጫፍ ሒሳብ እንደምዘጋ ገባ። ስሜን ሁለተኛው ገጽ ላይም ጻፍኩት፤ ስቴፕለር ሲላቀቅ አይቻለሁና።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ነገሩ ይለያል። እዚያ ኮሚቴው ልምድ የሚቆጥረው ከሲቪው ሳይሆን ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን አረጋግጪ የሚልም ብዙ ነው። ሲቪ በማርዘም ዓመት አይጨመርም። ስለዚህ የተቆረጠውን ጉልበት ደብዳቤ ላይ አዋልኩት። አንደኛው ቀጣሪዬ የሰጠኝ ደብዳቤ «ሠርታለች» ይላል እንጂ ምን እንደሠራሁ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አስተካከሉልኝ።

ረጅሙን አልጣልኩትም። እናት ሲቪ ብዬው ቴሌግራሜ ላይ ተቀምጧል። የራሳቸው ቅጽ ያላቸው ድርጅቶች አሉ፤ የእያንዳንዱን ሥራ ቀንና ኃላፊ በዝርዝር ሲጠይቁ ከእሱ እቀዳለሁ።

ሁለቱን ገጽ በአምስት ኮፒ ሳሳትም 100 ብር ከፈልኩ። ልጅቷ ገበያዋን እንደዘጋሁባት ነገረችኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ስታዲየም አካባቢ ነው። ሰውየው ሲቪዬን አገላብጦ አየና «አጭር ነው፣ ጥሩ ነው» አለኝ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«አግብተሻል?»

እሱን መስመር ግን ሲቪዬ ላይ አልመለስኩትም።