ስሙ ጠፋ፣ ቦታው አልተለቀቀም

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት

ኮምፒውተሬ ዛሬ ማታ አላስገባ አለኝ። የይለፍ ቃሉን በትክክል እጽፋለሁ፤ ገጹ ብልጭ ይልና ዞሮ ያንኑ ይጠይቀኛል። አራት ጊዜ ሞከርሁ። በአምስተኛው የገዛ ስሜን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ አልፌ በአስተዳዳሪ ስም ስገባ ነገሩ ተገለጠ። ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ የምትናገረው ዲኤፍ የምትባል ትእዛዝ «100 በመቶ» አለችኝ። ከ256 ጊጋባይቱ ለእኔ የቀረ ምንም የለም። ለእኔ ማለቴ በምክንያት ነው፤ ኮምፒውተሬን በሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኤክስት 4 የፋይል ሥርዓት ካልቀየሩት በቀር ከዲስኩ 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ብቻ ይዞ ያቆያል። እናቴ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የምታኖራት ብር ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ጨው ቢያልቅ እንኳ ያቺ አትነካም።

ትናንት ዲስኩ ሊሞላ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሁለት ፊልም ወደ ቆሻሻ መጣያው ወርውሬ፣ አጸዳሁ ብዬ ተኝቻለሁ። መጣያውም የዚያው ዲስክ ጓዳ መሆኑን እያወቅሁ።

ዲዩ በምትባል ትእዛዝ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ስመዝን፣ ተደብቆ የተቀመጠ 38 ጊጋባይት የሚያህል የጽሑፍ ፋይል አገኘሁ። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራልኝ ፕሮግራም የውሎ መዝገብ ነው። ሳላነብ አጠፋሁት። ዲኤፍን ጠየቅሁ፤ 100 በመቶ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ 100 በመቶ።

ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ። ውሃው ሳይፈላ ትዝ አለኝ፤ ፋይል ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚሰረዘው ስሙ ነው። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ ከያዘው ይዘቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስሙ ከውል የተሰረዘ ተከራይ ቁልፉን ይዞ እቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ኤልኤስኦኤፍ በምትባል ሌላ ትእዛዝ የያዘውን ፈለግሁ፤ ያው ፕሮግራም ነው። ዘጋሁት። 84 በመቶ!

ደስታዬ ሻዩ እስኪበርድ እንኳ አልቆየም። ፕሮግራሙን መልሼ ሳስነሣው አዲስ መዝገብ ከፍቶ ወዲያው ይጽፍ ጀመር፤ አንድ መስመር፣ ደግሞ ያው መስመር፣ ደግሞ ያው፦ ውጫዊው ዲስክ አልተገኘም።

ውጫዊው ዲስክማ ባለፈው ክረምት ከጠረጴዛ ወድቆ ተሰብሯል። ሌላ እገዛለሁ ብዬ ነበር። ፋይሎቼን እንዲጠብቅ ያቆምሁት ዘበኛ ዓመቱን ሙሉ ደጄ ላይ ሲጮኽ ከርሟል፤ ቤቱን የሞላው ጩኸቱ ነው። የዓመቱ ፎቶዎች፣ የእህቴ ሠርግ፣ ገና ግማሽ የደረሰው ትርጉሜ፣ ሁሉም ያለው በዚህ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙን አቆምሁት። ትርጉሙን ለራሴ በኢሜይል ላክሁ። የሠርጉ ቪዲዮ ግን በኢሜይል የሚሄድ አይደለም፤ ነገ ከሥራ በፊት መርካቶ እወርዳለሁ።