የሌሊቱን ሰው ሳስነሣው

የሌሊቱን ሰው ላስነሣው ነው። ሃይስኩል ሳለሁ በደብተሬ ጀርባ እሥለው የነበረ ገጸ ባሕሪ ነው፤ ቀን ደብረ ማርቆስ ከተማ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ሌሊት ፊቱን ሸፍኖ ከፍርድ ያመለጡትን የሚገድል። ዘንድሮ በተከታታይ ኮሚክ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ወረቀቱም ቀለሙም ተገዝቷል። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጀምር ግን አንድ ሐሳብ ይዞኛል፤ ዛሬ ማታ እሱን ልጻፈው።

ሌሎች እንዲህ ያለውን ጨለማ ጀግና እንዴት እንዳስነሡት ሳነብ ከረምኩ። ብዙ የቆየሁት ዘ ሻዶው ላይ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ውስጥ ሲወለድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ በሬዲዮ የወንጀል ታሪክ የሚያስተዋውቅ አስፈሪ ድምፅ። አድማጮች መጽሔት ሻጮቹን የዚያን ድምፅ መጽሔት ስጡን እያሉ ቢያስቸግሩ፣ አሳታሚው በ1931 በስሙ መጽሔት አወጣለት። አብዛኛውን ታሪክ የጻፈለት ዋልተር ጊብሰን ነው። ጊብሰን ምትሃት የሚያሳይ ሰው ነበር፤ ጀግናው ከጨለማ ብቅ ብሎ ድንገት የሚሰወረውም ያለ ነገር አይመስለኝም። ሰፊ ባርኔጣ፣ አፉን የሚሸፍን ቀይ ሻርፕ፣ በሁለት እጁ ሁለት ሽጉጥ። በ1939 ባትማን ሲመጣ፣ ደራሲው ቢል ፊንገር የመጀመሪያውን ታሪክ ከዘ ሻዶው እንደወሰደ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ዛሬ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ጥቁር ካባ ከዚህ ሰው ትከሻ የወረደ ነው ማለት ነው።

መጽሔቱ በ1949 ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያላስነሣው የለም። በ1973 ዲሲ ለተባለው የኮሚክ አሳታሚ ዴኒስ ኦኒል ጻፈው፣ ማይክል ካሉታ ሣለው፤ ወደ ገዛ ዘመኑ ወደ 1930ዎቹ መለሱት። የወጣው 12 ዕትም ብቻ ነው፤ ካሉታ የሣለውም አምስቱን ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የእሱ ነው። ካባው እንደ ጭስ ይፈሳል፤ ሰውየው የት እንደሚያልቅ፣ ጨለማው የት እንደሚጀምር አይለይም። በ1986 ሃዋርድ ቼይኪን ሳያረጅ አምጥቶ የራሱ ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ጣለው። በ2012 ደግሞ ጋርዝ ኤኒስ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ መለሰው።

ሁሉም የተጨነቁት በየትኛው ዘመን ይኑር በሚለው ይመስለኛል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ የገደለው ሰው ጉዳይ ነው። በማግስቱ ምን ይሆናል?

ኒው ዮርክ ላይ ወንጀለኛው ይወድቃል፣ ገጹ ይገለጣል፣ በቃ። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ሟች እናት አለው፣ እድር አለው። ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ነፊው በየሰፈሩ እየዞረ ይለፍፋል፤ ድንኳን ይተከላል። የእኔ ልብስ ሰፊ የዚያው እድር አባል ነው። ቢቀር ይቀጣል፣ ይታማልም፤ ስለዚህ ይሄዳል። ገድሎ ያደረ እጁን ታጥቦ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይይዛል። ንፍሮ ያቀርቡለታል፤ ከሰሃኑ እየዘገነ አንገቱን እንደደፋ ያላምጣል። እናትየዋ ታየውና "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ሥራህን ትተህ መጣህልኝ" ትለዋለች። ይህ ከመጣልኝ ወዲህ ከጣሪያ ጣሪያ መዝለሉ ሁሉ ቀሎብኛል። ድንኳኑን ሦስት ገጽ እሰጠዋለሁ፤ ግድያው አንድ ገጽ ይበቃዋል።

ሌላም አለ። አጎቴ በደም እርቅ ላይ ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ይላካል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይገባል፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ይማማላሉ፤ ደሙ የሚደርቀው እንዲህ ነው። ስለ ኮሚኩ ካጫወትኳቸው በኋላ "ጋሼ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ባይታወቅስ?" አልኳቸው።

"ታዲያ ከማን ጋር ይታረቁ?" አሉኝ። "የጠረጠሩትን ይገድሉና ደሙ ይቀጥላላ!"

በእነ ባትማን ታሪክ ጭንብል የሚጠቅመው ወዳጅ ዘመድን ከበቀል ለመጠበቅ ነው። በእኛ ከተማ ግን ያው ጭንብል በቀሉን ወደ ጎረቤት ያዞረዋል። ሁለተኛው ዕትም የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ በሌሊቱ ሰው ሥራ ምንም የማያውቅ አንድ ባለሱቅ ይጠረጠራል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ ልብስ ሰፊውም መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ይህን ሁሉ ያያል።

ስለ ፊቱ ሳስብ ደግሞ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትዝ ትለኛለች። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። እዚያ ግድግዳ ላይ በላኤ ሰብእ አለ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ውኃ ጥም ላቃጠለው ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በፍርድ ቀን ሚዛን ሲቀርብ እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ያቺ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ መዘነች። እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆሜያለሁ። እኔ ባነበብኳቸው የዘ ሻዶው ታሪኮች ሰውየው በሌሎች ላይ ይፈርዳል እንጂ ለእሱ ሚዛን የሚያቀርብለት የለም። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ጀግናው ከተዳኘ ታሪኩ ያልቃል፣ ታሪኩ ካለቀ መጽሔቱ አይሸጥም።

የእኔ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ስድስት ዕትም ይሁን፤ በስድስተኛው ጭንብሉን በገዛ እጁ አውልቆ ከሽማግሌዎቹ ፊት ይቁም። ይታረቁታል ወይስ ደማቸውን ይመልሳሉ የሚለውን ገና አልወሰንኩም። ዓይኑን ግን ወስኛለሁ። ሌሊት ጥቁር በርኖሱን ተከናንቦ ሲወጣ ሁልጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ይታያል። ድንኳኑ ውስጥ፣ እናትየዋ ስታናግረው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ።

ነገ ስክሪፕቱን ከእሷ እጀምራለሁ፤ ልጇ በሕይወት እያለ፣ ከእሱ ጋር ስለ ማገዶ ስትጨቃጨቅ። አንባቢ ልጁን ከነጥፋቱ አስቀድሞ ይወቀው። የሌሊቱ ሰው በአምስተኛው ገጽ ይምጣ።