ብሽሽቴን ነው ያመመኝ

ዛሬ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ «ብሽሽትሽንስ ያምሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሉፐስ አለባት፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ጉልበቷን እያሸች ነበር። ደነገጠች። እኔም ቃሉን ጮክ ብዬ ማለቴ ገረመኝ።

ሉፐስ እንዳለብኝ ካወቅኩ አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የነካው ኩላሊቴን ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት በቀን 60 ሚሊግራም ታዘዘልኝ። የሚገኘው ባለ 5ቱ ስለነበር 12 ፍሬ ማለት ነው። ጠዋት ቁርስ እንደበላሁ መዳፌ ላይ አፈሳቸዋለሁ፤ እናቴ አብራኝ ትቆጥራለች። ኩላሊቴ የተረፈው በእነዚያ ፍሬዎች ነው። ቀጥሎ የምጽፈው ማንንም መድኃኒቱን እንዳያስጠላው ብዬ ነው ይህን የማስቀድመው።

ዓመት ሳይሞላ ቀኝ ብሽሽቴን ያመኝ ጀመር። ስቀመጥ ይተወኛል፣ ስነሳ ይወጋኛል። አንዳንዴ ወርዶ ጉልበቴ ላይ ያርፋል። ታዲያ በእኛ ቤት ማን «ብሽሽቴን» ይላል? ለእናቴ ጉልበቴን አልኳት። ለሐኪሙም እንደዚያው፤ ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጉልበቴ ራጅ ተነሳ። ምንም የለውም ተባለ።

ሰፈር ውስጥ ምክንያቱን የማያውቅ የለም፦ ብርድ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል፣ ኮምቦልቻ ወርደሽ ይሙቅሽ። አክስቴ ጋ ወረድኩ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ሌላ አገር ነው። ፀሐዩ ደግሞ ለሉፐስ አይሆንም፤ በሳምንቱ ጉንጬ ላይ ሽፍታው ወጣ። አክስቴ አዝናልኝ ወጌሻ አስመጣች። በቅቤ ታሸሁ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ነገሩ የወጣው ስግደት ላይ ነው። አንድ ቀን ሱብሒ ከሱጁድ መነሳት አቃተኝ። ግንባሬ ምንጣፉ ላይ እንዳለ ቀረሁ። እናቴ ሶላቷን ጨርሳ መጣችና ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። «ልጄ፣ የቱ ጋ ነው? እውነቱን ንገሪኝ» አለች። እጇን ይዤ ብሽሽቴ ላይ አሳረፍኩት። ያኔም ቃሉን አላልኩትም።

ሌላ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ጉልበቴን አጥፋ እግሬን ስታዞረው ጮህኩ። የዳሌ ራጁም ያን ያህል አላሳየም። «ሲጀምር በራጅ ላይታይ ይችላል» ብላ ኤምአርአይ የሚባለውን የምስል ምርመራ ጻፈችልኝ፤ ሁለቱንም ዳሌ። ለዚያ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። የቀኙ ዳሌ አጥንት መስመጥ ጀምሯል። ምንም ያላመመኝ ግራውም ታሟል፤ እሱ ግን ገና አልሰመጠም።

እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ክብ ነው፣ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። ደም የሚያገኘው በቀጫጭን ሥሮች ነው። ስቴሮይድ በብዛት ሲወሰድ ያ ደም ሊቋረጥ ይችላል፤ ሉፐሱ ራሱ ደም እንዲረጋ ሲያደርግም እንዲሁ። ደም ያጣ አጥንት ይሞታል፣ ቀስ በቀስም ይሰምጣል። ሳይሰምጥ ከተደረሰበት አጥንቱን በስቶ ግፊቱን የሚያቀል ቀዶ ሕክምና አለ። ከሰመጠ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መቀየር ነው።

ፕሬድኒሶሎኑን ልጥለው ነበር። በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል አለችኝና በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያልን ቀነስነው። አሁን አንድ ፍሬ ነው። የምሰግደው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ክራንቹን ለምጄዋለሁ። «ጉልበቴን» እያልኩ ያሳለፍኳቸውን ወራት ግን እስካሁን አልለመድኳቸውም። ቀኙ ዳሌዬ የሰመጠው በእነሱ ውስጥ ይሆን እያልኩ አድራለሁ።

ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና «እሱንም» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። ተራዋ ሲደርስ አብሬያት ገባሁ።