ፊልተሩ ሠራ፤ የፓተንቱስ ነገር?

የሲንተሳይዘሬ (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ፊልተር፣ ማለትም ድምፁን የሚያጣራው ክፍል፣ ሠራልኝ! ድምፁ ወፈር ያለ ነው። ማዞሪያውን ስነካው ከደብዛዛ ተነስቶ ቀስ እያለ ይጠራል። ስለ ብየዳውና ተመሳሳይ ትራንዚስተር ስለመምረጥ ብዙ ተጽፏል፤ እዘለዋለሁ። እኔን የያዘኝ «ይሄ ፓተንት (ፈጠራን ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይሠራው ለተወሰነ ጊዜ የሚከለክል መብት) የለበትም ወይ?» የሚለው ነበር።

የሠራሁት የሲንተሳይዘር ፈር ቀዳጁን የሮበርት ሞግን የመሰላል ፊልተር ነው። ትራንዚስተሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደራረባሉ፤ በየደረጃው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) አለ። አሜሪካ ውስጥ ፓተንቱ የተሰጠው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በጊዜው ሕግ የሚጸናው 17 ዓመት ስለነበር በ1986 አበቃ። ሰርኪዩቱን ዛሬ ማንም ይሠራዋል። «ሞግ» የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክት ነው፤ የምትሸጡት ሳጥን ላይ አትጻፉት።

ጊዜው ያላለፈበት ፓተንት ሲገጥማችሁ ሥዕሉን አይታችሁ አትደንግጡ። የሚጠበቀው ሥዕሉ ሳይሆን በቁጥር የተደረደሩት ክሌሞች፣ ማለትም ፈጣሪው «የኔ ነው» የሚለውን የሚዘረዝሩት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እኔ የመጀመሪያውን ክሌም ወረቀት ላይ እበታትነዋለሁ። ለምሳሌ «የትራንዚስተር ጥንድ፣ በመካከላቸው ካፓሲተር፣ እና የሙቀት ማስተካከያ ያለው» ቢል ሦስት መስመር ይወጣዋል። ከየመስመሩ ጎን የራሴን ሰርኪዩት ክፍል እጽፋለሁ። የሙቀት ማስተካከያም ሆነ እሱን የሚተካ ነገር ከሌለኝ ያ ክሌም አይነካኝም። ሦስቱም ካሉኝ ግን አራተኛ ነገር መጨመሬ አያስጥለኝም። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ክሌሞች እሄዳለሁ። «ትንሽ ከቀየርክ ነፃ ነህ» የሚለውን ወሬ እባካችሁ አትስሙ፤ እንዲህ የሚል ሕግ የለም።

«ለራሴ ነው የምሠራው» የሚለውም በየአገሩ ይለያያል። የእንግሊዝ የ1977 ሕግ በግል፣ ለንግድ ሳይሆን የሚሠራውን ይፈቅዳል። ጀርመንም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ ግን መሥራቱም መጠቀሙም ራሱ ጥሰት ነው፤ ቤት ውስጥ መሆኑ አያድንም። ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ስለሆነ እናንተ ያላችሁበትን እዩ። ዛሬ የተለመደው ዕድሜ ካመለከቱበት ቀን 20 ዓመት ነው፤ በየጊዜው የሚጠየቀው ማደሻ ክፍያ ካልተከፈለ ቀድሞም ይወድቃል።

እውነቱን ለመናገር ለጠረጴዛዬ ለምሠራው ሁሉ ፓተንት አላገላብጥም። ኪት (ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የክፍሎች ስብስብ) ልሸጥ ካሰብኩ ግን ሳልፈትሽ አንድም ቦርድ አላዝም፤ ከጠረጠርኩም ጠበቃ እጠይቃለሁ። ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ደግሞ ለትምህርት ብላችሁ አንብቡ። ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ ይሻላሉ፤ ፈጣሪው አሠራሩን እንዲያብራራ ሕጉ ያስገድደዋል። በጉግል ፓተንትስና በኤስፓስኔት ድረ ገጾች በነፃ ይገኛሉ።

አሁን የጆን ቾውኒንግን የኤፍኤም ሲንተሲስ (የአንዱን ሞገድ ፍሪኩዌንሲ በሌላ ሞገድ እየለዋወጡ ድምፅ የመፍጠር ዘዴ) ፓተንት ይዣለሁ። የተሰጠው በ1977 ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ በየትኛው ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) እንደሠራችሁት ንገሩኝ።