በ1967 የወጣ ዘፈን፣ በ1967 የተገኘች ድንቅነሽ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ቤቱ ሙሉ ዘመድ ነው። ቡናው ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ግን ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ለከርሞ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ አዘጋጃለሁ ብዬ ወሰንኩ። ይኸው ሦስት ዓመት አዘጋጀሁ።

የመጀመሪያው ዓመት አልተሳካም። ከኢንተርኔት ሠላሳ ጥያቄ ለቅሜ አመጣሁ። ረጅሙ ሕንፃ፣ ትልቁ በረሃ፣ ፈጣኑ ባቡር፤ የዚህ ዓይነት። ልጆቹ ተሻሙበት፣ ትልልቆቹ ዝም አሉ። በዚያ ላይ ተሳሳትኩ። «ከጨረቃ ላይ በዓይን የሚታየው የሰው እጅ ሥራ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልስ ብዬ የያዝኩት ታላቁን የቻይና ግንብ ነበር።

የ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ እሱ እኮ እውነት አይደለም» አለችኝ። ልክ ነበረች። ግንቡ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቢረዝምም ስፋቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ ቀለሙም ከአካባቢው አፈርና ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ቻይናዊ ያንግ ሊዌ፣ ከጨረቃ እጅግ ቀርቦ ምድርን እየዞረ እንኳ ግንቡን አላየሁም ብሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሦስት ቦታ ሳላጣራ አንድም ጥያቄ ደብተሬ ላይ አላሰፍርም። ብዙ ሰው ስለደጋገመው ብቻ እውነት የመሰለን ነገር ብዛቱ ያስደነግጣል።

በሁለተኛው ዓመት ጥያቄዎቹን ወደ ሰባት ቀነስኩ። እያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ሰው እንዲኖር አደረግኩ። ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው፤ ሰው በጆሮው የሚያውቀውን፣ ግን ልብ ያላለውን ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ወታደር ቤት የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። ያን ምሽት በአፌ «ቲ ቲ ቲ፣ ቲይይ ቲይይ፣ ቲ ቲ ቲ» አልኩ። ከኋላ አንዱ «የድሮ ኖኪያ! መልእክት ሲገባ!» ብሎ ጮኸ። «ልክ ነው፤ ግን ምን እያለ ነው?» አልኩ። ዝምታ ሆነ። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሦስቴ መታ መታ አደረጉ፣ ሁለቴ አሳረፉ፣ እንደገና ሦስቴ መቱ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ኤስ፣ ኤም፣ ኤስ!» አሉ። ሞርስ ነው፤ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚልክ የመገናኛ ኮድ። «ያን ሁሉ ዓመት ኪሴ ውስጥ ሲጮህ እንዴት አልሰማሁትም?» ያን ምሽት ልጆቹ አጎቴን ከበው ስማቸውን በሞርስ ሲያስመቱ አመሹ። ስልክ የነካ አልነበረም።

ሦስተኛውን ዓመት በጣም ነው የምወደው። ሰባት የተለያየ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ አንድ ሰንሰለት ሆነ፤ የአንዱ መልስ የቀጣዩን በር ይከፍታል።

መነሻው ይኼ ነበር፦ «በ1967 ከወጣ ዘፈን ስሟን ያገኘች፣ ራሷም በ1967 የተገኘች ማን ናት?» የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን የቢትልስ «ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ» የተባለው ዘፈን የወጣው በ1967 በፈረንጆቹ ነው። ሉሲ፣ ማለትም የእኛዋ ድንቅነሽ፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው፤ ይኼ ደግሞ በእኛ። በተገኘችበት ምሽት በተመራማሪዎቹ ካምፕ ውስጥ ዘፈኑ ሲደጋገም ነበርና ስሙ ተለጠፈባት። ሁለቱ 1967ዎች መግጠማቸውን ያየሁት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ስጽፍ ነው። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ።

ዘፈኑስ ከየት መጣ? የቢትልሱ ጆን ሌነን እንደተናገረው፣ ትንሹ ልጁ ጁሊያን የትምህርት ቤት ጓደኛውን ሉሲን ሥሎ ወደ ቤት ካመጣው ሥዕል ነው። ከዚያ ወደ ላይ እንወጣለን። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ሉሲ የሚባል መንኮራኩር አመጠቀ። ስሙን የሰጡት በቅሪተ አካሏ ነው፤ የሚያጠናቸው ዓለቶች ፕላኔቶች ሲፈጠሩ የተረፉ፣ የፀሐይ ሥርዓታችን ቅሪቶች ናቸውና። ጥቅምት 21 ቀን 2016 መንኮራኩሩ ከማርስ ባሻገር ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ዓለት አጠገብ አለፈ። የዓለቷ ስም ድንቅነሽ ነው። ሲጠጋ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ ዓለቷን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ። «ሰላም» የሚል ስም ሰጧት፣ አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ ቅሪተ አካሏን ባገኙት ሕፃን ስም።

«የሉሲ ልጅ የምትባለዋ ናታ!» አለ አንዱ። የእህቴ ልጅ አላለፈችውም። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ ሰላም 3.3 ሚሊዮን። «ልጅ ከእናቷ ትበልጣለች እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ክርክሩ ደራ።

እማዬ በረካውን ልትቀዳ ጀበናውን አንስታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ቆይ፣ ላይ ያለችው ድንቅነሽ፣ እዚያ እስኪደርሱ ብቻዋን ነበር የመሰለቻቸው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ብቻዋን ነበር የመሰለቻቸው።»

«እሰይ!» አለችና ቀዳች።