ከ«ለ» ሳይነሡ «ሎ»ን ማወቅ

ልጄን አንደኛ ክፍል ለማስገባት ሰባት ትምህርት ቤቶችን ዞሬ አይቻለሁ። በሰባቱም የግቢውን ስፋት፣ የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና፣ የሰርቪሱን ዋጋና የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱን ብዛት ጠይቄአለሁ። በአንዳቸውም ውስጥ ግን ሕፃን ልጅ ሲያነብ ቁጭ ብዬ አላዳመጥኩም። ይህን የምጽፈው በመጪው ሐምሌ እንደ እኔ ከበር በር የሚዞር ወላጅ ስለሚኖር ነው።

ምዝገባው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የኬጂ ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ደረሰኝ። የመረጥኩት ባለአራት ፎቅ የግል ትምህርት ቤት ነበር። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የኢንስፔክሽን፣ ማለትም የመንግሥት የትምህርት ቤት ምዘና፣ ደረጃ 3 ሰርተፊኬት ተሰቅሏል። አገሪቱ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ትላለች፤ እኔ ግን ሳይንሱም በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ ስሰማ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ካርድ ላይ አማርኛ 96፣ እንግሊዝኛ 94፣ ከ38 ተማሪዎች 4ኛ። ድፎ ዳቦ ደፍቼ ጎረቤት ጠራሁ።

ለገና አባቴ ከደብረ ብርሃን መጣ። እርሱ የተማረው የቄስ ትምህርት ቤት ነው። «እስቲ ፊደል አስሚኝ» አላት። ከሀ እስከ ፐ በዜማ፣ አንድም ሳትስት አወረደችው። ከዚያ አባቴ ስንደዶ አነሣና የፊደል ገበታው ላይ «ሎ»ን ብቻ ነጥሎ አሳያት። ዝም አለች። ቆይታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል... ሎ!» አለች። «ቄ»ን አሳያት፤ ከ«ቀ» ተነሣች። ማታ ማታ ለእኔ «የምታነብልኝን» የአማርኛ መጽሐፍ ገለጠና ሥዕሉን በመዳፉ ሸፈነው። አንድ ቃል እንኳ መቀጠል አልቻለችም።

አባቴ አልተቆጣም። «እኛን ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ ያስቆጠሩን ለዚህ ነበር» ብቻ አለ። ነገሩ እውነት ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል የሀሁ ተራ ይፈርሳል፤ በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይታወቃል። ያለ ጥቁር ሰሌዳ ዛፍ ሥር ያስተማሩት የኔታ ያወቁትን ነገር፣ በየወሩ 2,800 ብር የምከፍለው ትምህርት ቤት አላወቀውም።

ከገና በኋላ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድኩ። የውጤት መዝገቡን፣ ሮስተሩን፣ ገልጦ «እህቴ፣ 96 ያመጣች ልጅ እንዴት ማንበብ አትችልም ይላሉ?» አለኝ። አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ልቀመጥ ብዬ ለመንኩ። «ወላጅ ክፍል አይገባም፤ መመሪያ ነው» አለ። መመሪያውን ያሳዩኝ አልኩ፤ አላሳየኝም። እስከ ዛሬም አላየሁትም። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ የፈተናውን ወረቀት ሰጡኝ። ጥያቄዎቹ ከሳምንት በፊት ወደ ቤት ከተላከው መለማመጃ አንድ በአንድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል የተገለበጡ ነበሩ። ያንን መለማመጃ ማታ ማታ እስከ ሦስት ሰዓት እያስጠናሁ በቃሏ ያስያዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ። በርዕሰ መምህሩ የተናደድኩትን ያህል በራሴ አዝኛለሁ።

ላስወጣት ስል መሸኛ የሚባል፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚያዛውር ደብዳቤ ነገር መጣ። ትምህርት ቤቱ የዓመቱ ክፍያ ሳይጠናቀቅ መሸኛ አልሰጥም አለ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ዓመቱን ትጨርስና በሐምሌ ይምጡ» አለኝ። ታዘዝኩ። ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከጥር እስከ ሰኔ ልጄ የማትችለውን ነገር የምትችል መስላ እንድትቀመጥ ፈቀድኩ። በመካከሉ ፊደል የቆጠረችው ከአባቴ ጋር በስልክ ነበር። ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ፣ ሐምሌን አትጠብቁ፤ ገንዘቡም ቢሄድ ይሂድ እላለሁ። የመሸኛውን ጉዳይም ገና ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ።

በሐምሌ እንደገና መዞር ስለማልችል ክፍሎች ሳይዘጉ በግንቦት ጀመርኩ። አሁን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «አንደኛ ክፍል ገብቼ አንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ላዳምጥ?» አራት ትምህርት ቤቶች እምቢ አሉ። አምስተኛው፣ የመንግሥት፣ አስገባኝ፤ መምህሩ ግን አልነበረም፤ አለቃዋ ሕፃን ሰሌዳው ላይ የረባሽ ስም ትጽፋለች።

ስድስተኛውም የመንግሥት ነው፤ ከቤታችን በእግር ዐሥር ደቂቃ። በእኔ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እንኳ አያውቅም ነበር። ርዕሰ መምህሯ «ይግቡ፣ ከኋላ ወንበር አለ» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ 54 ልጆች አሉ፤ ብዙ ነው፣ በጣም ብዙ። መምህርቷ ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላትን አደባልቃ አድላቸዋለች። አንድ ልጅ «ለ»ን አንሥቶ «ሰ» አለ። ሳቅ ሲጀመር በጠመኔዋ ሰሌዳውን አንዴ መታችና ጸጥ አለ። «ያሳሳተህ ነገር ገብቶኛል፤ ሁለቱም ሁለት እግር አላቸው። አናታቸውን ተመልከት» አለችው። ልጁ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ። 53 ልጆች ጠበቁት። «ለ!» ሲል ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ አጽፋው ወደ ቦታው መለሰችው፤ እየዘለለ ነው የሄደው። ለኔ ትምህርት ቤቱ የተመረጠው እዚያች ቦታ ላይ ነው። የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ከምገባው በኋላ፣ ወደ ኋላ የቀሩትን አምስት ልጆች ይዛ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

ኢንስፔክሽን ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን ይመዝናል። ይመዝን። ሰርተፊኬቱ ግን የተሳሳተ ሕፃን በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚገጥመው አይነግራችሁም። የግል ነው የመንግሥት ብላችሁም አትጨነቁ፤ ገብታችሁ አንድ ልጅ እስኪሳሳት ጠብቁ። የማያስገባችሁን ትምህርት ቤት ተዉት።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ እየተማረችም በምሳ ሰዓት ከእነዚያ ልጆች ጋር ጥላው ሥር ትቀመጥ ነበር። በግማሽ ዓመቱ አማርኛ 71፣ ከ52 ተማሪዎች 23ኛ ወጣች። ካርዱን በተቀበልንበት ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆማ «የ...ተፈጨ... በርበሬ... አለ» ብላ አነበበች፤ «ሬ»ን ከ«ረ» ሳትነሣ። አባቴ ዳግመኛ ሲመጣ ድፎ ደፋሁ።